ግድግዳውን አፍርሶ የጠፋ ኮንትራክተር

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ወገኖቼ። እናቴ ከጎንደር ልትመጣ ነው። ጉልበቷ ደረጃ ስለማይችል ምድር ቤቱ ላይ መታጠቢያ ለመጨመርና ማዕድ ቤቱንም ለማደስ ከአንድ ኮንትራክተር ጋር በ42,000 ዶላር ተዋዋልን። የአገራችን ልጅ ነው፤ ያገናኘን የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ነው። ቀብድ 14,000፣ ግድግዳው ፈርሶ ቧንቧው መዘርጋት ሲጀምር ደግሞ 13,000 ዶላር ከፈልን። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት እግሩ ደጃችንን አልረገጠም። ትናንት ደውሎ «ለዕቃ መግዣ 5,000 ላኩልኝና ሰኞ እጀምራለሁ» አለ። ባለቤቴ እንላክለት ይላል። እኛ ወጥ የምንሠራው ጋራዥ ውስጥ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። እናቴ የምትገባው በሚቀጥለው ወር ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ፣ ከዊተን

እህቴ፣ አምስት ሺሁን አይላኩ። ባለቤትዎንም እባክዎን ያግባቡልኝ። በ27,000 ዶላር ያልመጣ ሰው በ5,000 አይመጣም። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚጠፋ ሰው የአንዱን ቤት ገንዘብ ለሌላው ቤት ዕዳ አውሎ የተጨነቀ ነው፤ አሁን የሚልኩትም ወደዚያው ይሄዳል።

እኔ ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። የእኔም ሰው የወንዜ ልጅ ነበር፤ በይሉኝታ ሦስተኛ ጊዜ ከፈልኩት። ከዚያ ስምንት ወር በሽማግሌ ተመላለስን። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ አባቶቻችን ስንት ትዳርና ስንት ዕድር አትርፈውበታል። ያጠፋነው ሽማግሌዎቹን በባዶ እጃቸው መላካችን ነው። ቀጠሮው ሁሉ በቃል ስለነበር ሰውየው በየጊዜው ሌላ ቀን ሰጠ፣ እኔም ማስረጃ አልነበረኝም።

ዛሬውኑ ውሉን አውጥተው የሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን የፈቃድ ቁጥር እንዳለበት ይመልከቱ። ቁጥሩን በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ፈቃዱ የጸና መሆኑን ያገኛሉ። ሌላው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ነው፤ ኮሚሽኑ ፈቃድ ካላቸው ተቋራጮች በሚሰበሰብ ገንዘብ የቆመ የዋስትና ፈንድ አለው፤ ሥራ ጥሎ በሄደ ወይም ባበላሸ ተቋራጭ ለተጎዳ የቤት ባለቤት እስከ 30,000 ዶላር ይከፍላል። ፈቃድ የሌለው ከሆነ ግን ፈንዱ አይደርስልዎትም። ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ስለሆነ አቤቱታውን ያቀርባሉ፣ ገንዘብዎን የሚጠይቁት ግን በፍርድ ቤት ነው።

ብዙ ወገኖች የሚሳሳቱበትን ስሌት ልንገርዎት። ፈንዱ የከፈሉትን 27,000 በሙሉ አይመልስም። ሌላ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ቀሪውን በ27,000 እጨርሳለሁ ቢል፣ የከፈሉትና የሚከፍሉት ተደምሮ 54,000 ይሆናል፤ ከውሉ ዋጋ ከ42,000 በላይ የወጣው 12,000 ነው፤ ጉዳትዎ ያ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያሳለፋችሁት እንግልትም ሆነ የጠበቃ ክፍያ አይቆጠርም። ያሳዝናል፣ ነገር ግን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። በቀብዱ በኩል ሕግ አልተጣሰም፤ ሕጉ የሚፈቅደው እስከ ሲሶ ነው፣ 14,000ም ልክ ሲሶ ነው።

ማንም ሌላ ሠራተኛ ሳይነካው ቤቱን ክፍል በክፍል ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ ክፍት የቀሩትን ቧንቧዎችና የኤሌክትሪክ ገመዶች። የግንባታ ፈቃድ ወጥቶ እንደሆነ፣ የትኛው ፍተሻ እንዳለፈም የሞንትጎመሪ ካውንቲን የፈቃድ መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። ያልተፈተሸ ገመድና ቧንቧ ላይ ግድግዳ ከተዘጋ ኋላ ተመልሶ መፍረሱ ነው።

ቀጥሎ ደብዳቤ ይጻፉ፤ አጭርና ቁጣ የሌለበት። ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንዳልመጣ፣ ስንት እንደተቀበለ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ሥራውን ካልቀጠለ ሌላ ሰው እንደምትቀጥሩ ይግለጹ። በአደራ ፖስታም በስልክ መልእክትም ይላኩት። ቀኑ ሳያልፍ ሌላ ሰው አያስገቡ፤ ተቋራጩ በቅን ልቦና ላስተካክል ሲል ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ያለ የቤት ባለቤት ፈንዱን ሊያጣ ይችላል። ሽማግሌ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ ሰውየው እመለሳለሁ ካለ የሥራውን ቀናት ጽፎ ይፈርም፣ ዕቃ ካስፈለገም እናንተ ራሳችሁ ከሱቅ ግዙ።

አቤቱታውን ለማስገባት ሽምግልናው እስኪያልቅ አይጠብቁ። ለፈንዱ ጥያቄ ያለው ጊዜ ጉዳቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው፤ ረጅም ይመስላል፣ በቀጠሮ ግን ያልቃል። «የአገሬን ልጅ ከሰስኩት» የሚለው ስሜት ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ከእኔ በኋላ ሦስት ቤተሰቦች በዚያው ሰው እጅ መውደቃቸውን ስሰማ ነው ዝም በማለቴ የተጸጸትኩት።

ምላሽ፣ ከአሌክሳንድሪያ

የተባለው ሁሉ ለሜሪላንድ ነው። እኛ ቨርጂኒያ ያለነው ተመሳሳይ ፈንድ አለን፣ ነገር ግን መጀመሪያ በተቋራጩ ላይ የፍርድ ቤት ውሳኔ ማግኘት ግዴታ ነው። የጎረቤት ግዛትን ምክር ይዛችሁ ጊዜ እንዳታባክኑ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፈቃድ ቁጥሩን ውሉ ላይ አገኘሁት፤ የጸና ነው። ባለቤቴም ገንዘቡን አልላከም። ፎቶውን ዛሬ ማታ አነሳለሁ፤ ያገናኘን ወዳጃችን ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደብዳቤውን ይዞ ሊሄድ ተስማምቷል። እናቴን ለጊዜው እህቴ ቤት አሳርፋታለሁ፤ እዚያ መታጠቢያው ምድር ቤት ነው።