የሽጉጥ ካዝና ገዛሁ፤ የታክስ ክሬዲቱ ላይ ግን ተቸገርኩ

ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የሌሊት ጥበቃ ስለምሠራ ሽጉጥ አለኝ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን አናት ላይ ነበር የማስቀምጠው። አንድ ቀን የ5 ዓመት ልጄ ወንበር ስቦ፣ ላዩ ላይ ቆሞ ሲንጠራራ ደረስኩበት። ጉልበቴ ከዳኝ። አሁንም ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። በማግስቱ በቁልፍ የሚከፈት ካዝና ገዛሁ።

ቨርጂኒያ ከ2023 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ዕቃ እስከ 300 ዶላር የታክስ ክሬዲት (ከምንከፍለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) ትሰጣለች። ችግሩ፣ ዕቃው የፌዴራል ፈቃድ ካለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ የተገዛ መሆን አለበት። እኔ የገዛሁት ከአንድ ትልቅ የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። መሣሪያም ይሸጣሉ፤ ደረሰኙ ላይ ግን ስለ ፈቃድ አንድም ቃል የለም። ሁለቴ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዱ ሠራተኛ ወደ ሌላው መራኝ፣ ያም ወደ ሌላ።

ጓደኛዬ «መልስና ከጠመንጃ ሱቅ ግዛ» ይለኛል። ግን ሽጉጡን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ያለ ካዝና ማሳደር አልፈልግም። (ብር ላጠራችሁ፦ በነፃ የኬብል መቆለፊያ (በሽጉጡ ውስጥ አልፎ እንዳይተኮስ የሚቆልፍ የሽቦ ገመድ) የሚሰጡ ፖሊስ ጣቢያዎች አሉ፤ ጠይቁ።)

ታክስ የምትሠሩ ወይም ክሬዲቱን ያገኛችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ደረሰኙ ብቻ ይበቃል? ካልበቃ ከመደብሩ ምን ዓይነት ወረቀት ልጠይቅ? ማንንስ ላናግር?