ክፍል ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሳ ምን ላድርግ?

ሰላም ለናንተ ይሁን፣ የሙያ አጋሮቼ። ደሴ ውስጥ 8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። አንድ ነገር ጨንቆኛል፣ ምከሩኝ።

ልጆቹ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። እስክርቢቶ ጠፋ፣ በክርን ነካኝ፣ በቃ ጠብ ይጀመራል። ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱ በማስመሪያ ተጣሉ። ጮህኩባቸው። አንደኛው «ሁሌ እኔን ብቻ ነው የሚቆጡት» አለኝ። እኔም መለስኩለት። ስንመላለስ 40 ደቂቃው አለቀ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ጥያቄ ግማሹ እንኳ አልተሠራም። ልጁ እውነቱን ይሆን እንዴ? ሌሊቱን ሲከነክነኝ አደረ።

አሁን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዴስካቸው አጠገብ መቆም ጀምሬያለሁ። ትንንሹን ጠብ ያበርደዋል። ሲብስ ግን አይሆንም። እዚህ ወሎ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች የደም ጠብ እንኳ ሲያስታርቁ ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። እኔም ልሰማቸው እፈልጋለሁ። ግን መቼ? ሌሎቹን ልጆች ክልላዊ ፈተና ይጠብቃቸዋል።

ትምህርቱ ሳይቋረጥ ጠቡን ለእረፍት ሰዓት የምታቆዩት እንዴት ነው? ልጁ «ችላ አሉኝ» እንዳይል ምን ትሉታላችሁ? እኔስ ተማሪ በክፍሉ ፊት ሲመልስልኝ ንዴቴን በምን ልያዘው? የሞከራችሁትን ንገሩኝ።