ያረጀ ግን የሚታመን ላንድክሩዘር በማን በኩል ይሸጥ? (ጥቆማ)

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የአጎቴን አሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ልሸጥለት ነው። ለደላላ ልስጠው ወይስ ቴሌግራም ላይ ልልቀቀው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ጀምሬለት ሳልጨርስ ተለያየን። ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው። ሌላም የሚጠቀምበት ሰው አይጠፋም።

እኔ አምና የአባቴን መኪና ሸጬለታለሁ። አራት ወር ፈጀብኝ። ሦስቱ ወር የባከነው ገዢ በሌለበት ቦታ ገዢ ስፈልግ ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራ ላንድክሩዘር ነው። ረጅሙ፣ ከኋላ ሰው ፊት ለፊት የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር ያለው። ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። አባቴ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ገዝቶ ባሌ ወሰደው። ከደሎ መና ቡናና ማር ጭኖ፣ የሐረናን ጫካ አቋርጦ፣ ሳነቴን ወጥቶ ጎባና ሮቤ ሲያራግፍ ኖረ። ሳነቴ ላይ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ ነው የሚወጣው። ግን አንድም ቀን እዚያ አናት ላይ አስቀርቶን አያውቅም።

የቀኙ በር ትንሽ ወደ ላይ ካላነሱት አይዘጋም። የሾፌሩ መስታወት ሲወርድ በመዳፍ መገፋት ይፈልጋል። ማርሹ አናት ላይ የነበሩት ቁጥሮች በአባቴ እጅ ተፍቀው ጠፍተዋል። እንዲህ ያለ መኪና ነው። ያረጀ፣ ግን ጠዋት ሲጠሩት አቤት የሚል።

መጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ እንወቅ። ቪትዝ የሚገዛ ሰውና አሮጌ ሃርድ ቶፕ የሚገዛ ሰው አንድ አይደሉም። የቪትዙ ገዢ ቀለሙን፣ ወንበሩን፣ የነዳጅ ፍጆታውን ይጠይቃል። የሃርድ ቶፑ ገዢ እንጀራው የሚወጣው ከመኪናው ነው። ቡና ነጋዴ ነው፣ ማር ነጋዴ ነው፣ አስጎብኚ ነው፣ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ተቋራጭ ነው። ከሥር ገብቶ ነው የሚያየው። እሱ ያለበትን ቦታ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ደግሞም «አርጅቷልና በተገኘው ዋጋ ይሂድ» አትበሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ባሌ ወይም ጅንካ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ የኤሌክትሪኩ መኪና ገና መልስ አይሆነውም። እዚህ ያለው አሮጌ ፎር ዊል ተፈላጊነቱ የጨመረው ለዚህ ነው።

ወደ አማራጮቹ ልምጣ። የጀመርኩት በደላላ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ደላሎች አዩት። የጠሩት ዋጋ በ400 ሺህ ብር ይለያይ ነበር። አንዳቸውም ኮፈኑን አላስከፈቱም። ኮሚሽን ከእኔ 2 ፐርሰንት፣ ከገዢውም እንዲሁ ነው ያሉኝ። አንደኛው ፎቶ አንስቶ ሄደና በራሱ ዋጋ አምስት ቻናል ላይ ለቀቀው። ሰዎች ደውለው «እዚያ ላይ ሌላ ዋጋ ነው የተጻፈው፣ የትኛው ነው እውነቱ?» ይሉኝ ጀመር። መኪናውን ያላየ ሰው መጀመሪያ የሚጠራጠረው እኔን ሆነ። ያ ነገር በጣም ነው ያበሳጨኝ፤ የአባቴ ስም ነው አብሮ የሚነሳው።

ይህን ስል ደላላ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። አውቶሞቢል ቶሎ ለመሸጥ ጥሩ ደላላ ወደር የለውም፤ ገንዘብ የያዘውን ሰው ያውቃል። በደላላ ከሄዳችሁ አንድ ብቻ ያዙ። «ከዚህ በታች አልሸጥም» የምትሉትን ዋጋ መጀመሪያ ቁረጡ። ኮሚሽኑን በጽሑፍ አድርጉት። ቁልፉ ከእጃችሁ አይውጣ።

መኪና መሸጫም አስገብቼው ነበር፣ አምስት ሳምንት። ለአሮጌ ሃርድ ቶፕ አልመክርም። በሚያብረቀርቁ መኪኖች መሃል ሲቆም ሰው እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ነው የሚያልፈው። ወቅቱ ክረምት ነበር። ማንም ስላላስነሳው ባትሪው ሞተ። አንድ ቀን የምር ገዢ መጥቶ «አይነሳም» ተባለ። ሰውየው ሞተሩ ሞቷል ብሎ ሄደ። ናፍጣ መኪና የሆነ ቦታ አቁማችሁ ከተዋችሁት በሳምንት ሁለቴ ሄዳችሁ አስነሱት፣ ወይም የባትሪውን ገመድ ፍቱት።

ኦንላይን ይሻላል። መኪና ዶት ኔት ላይ የሚገባው ሰው መኪና ፈልጎ ነው የሚገባው፤ በሞዴል መርጦ ይፈልጋል። ብዛቱ ትንሽ ቢሆንም ጥያቄው ቁም ነገር ያለው ነበር። ጂጂ ላይ ስልኩ አላርፍ አለኝ፤ ግን አብዛኛው ደዋይ ደላላ ነው። ቴሌግራም ቶሎ ይታያል፣ ቶሎም ይቀበራል፤ በየሁለት ቀኑ ካላደሳችሁት ከሥር ይገባል። ፌስቡክ ላይ ለማውራት የሚደውል ይበዛል። እኔ ከእነዚህ ምረጡ ብባል መኪና ዶት ኔትንና አንድ የላንድክሩዘር ሰዎች የሚበዙበት የቴሌግራም ግሩፕ እይዛለሁ።

ዋናው ግን የት ለቀቃችሁት ብቻ ሳይሆን ምን አሳያችሁ ነው። መጀመሪያ አምስት የሚያምሩ ፎቶዎች ለቅቄ «ንጹህ፣ ምንም ወጪ የሌለው» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም የሚጽፈው ነው። ሰው መጥቶ የተቀደደውን ወንበር ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። ከዚያ አወረድኩትና እንደ አዲስ ጀመርኩ። 14 ፎቶ አነሳሁ፤ ዘጠኙ የጉድለቱ ነው። የጣሪያውን ዙሪያ፣ ውሃ የሚወርድበትን ጠርዝ ዝገት በቅርብ አነሳሁ። በዚህ ሞዴል ላይ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገውም እሱን ነው። የበሩን ነገር፣ የመስታወቱን ነገር ጻፍኩ። ባሌስትራው ከኋላ አንድ ቅጠል እንደተጨመረበት ጻፍኩ።

ቀጥሎ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቪዲዮ ቀረጽኩ። እጄን ኮፈኑ ላይ አድርጌ ቀዝቃዛ መሆኑን አሳየሁ። ቁልፉን ከፈትኩ፤ የካንዴሌታው (የናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) መብራት እስኪጠፋ ጠበቅኩ፤ አስነሳሁት። ሳላቋርጥ ወደ ኋላ ዞሬ የጭስ ማውጫውን አሳየሁ። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሰማያዊ የለም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፤ ገዢዎች የሚፈሩት እሱን ነው።

የሚደውለው ሰው ቁጥር ወረደ። የሚደውሉት ግን የሚያውቁ ሆኑ። «ታይሚንግ ቤልቱ መቼ ተቀየረ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጣ። 1ኤችዜድ ላይ ቤልቱ በየ100 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ቢበጠስ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። አባቴ የቀየረበትን ደረሰኝ ከነቀኑ አስቀምጦ ነበር። ያንን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ስልክ፣ የሰውየው ድምፅ ተለወጠ።

በመጨረሻ የሸጠልኝ ግን ጋራዥ ነው። እኔ ከሁሉ በላይ የምጠቁመው ይህንን ነው። ላንድክሩዘር ብቻ የሚሠራ ሜካኒክ በየአካባቢው አለ። እሱ ጋ የሚመጡት ባለመኪኖች ሌላ መኪና የሚፈልግ ወንድም፣ ጓደኛ፣ ሸሪክ አላቸው። የእኛ ሜካኒክ መኪናውን ለዓመታት ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ሰው ካገኘህልኝ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ብዬ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ተነጋገርን። ለገዢውም በግልጽ ነገርነው። የተደበቀ ነገር የለም።

በሁለተኛው ሳምንት ከጅንካ አንድ ነጋዴ መጣ። ቪዲዮውን አስቀድሞ አይቶታል። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ ኮፈኑን አልነካም። ጆንያ አንጥፎ ከሥር ገባ። በስልኩ መብራት ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ አየ፤ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ሰማ። ከዚያ ወጥቶ ሞተሩ እየሠራ የዘይቱን ክዳን ከፈተና መዳፉን ከደነበት። ትንሽ ቆይቶ «አይተነፍስም» አለ፤ ሞተሩ አልደከመም ማለቱ ነው። የፊት ጎማዎቹን በእጁ ሎክ አድርጎ ሎው (ለዳገት የሚሆነውን ከባድ ማርሽ) አስገባና ጋራዡ ጀርባ ያለውን ዳገት ወጣ። ሲወርድ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሲነዱት የነበሩትን ሰውዬ በስልክ ላግኛቸው?»

ከአባቴ ጋር ሃያ ደቂቃ አወሩ። ስለ ዋጋ አንድ ቃል አልተነሳም። ስለ ጭቃ፣ ስለ ጭነት፣ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ስለሚሰማው ድምፅ ነው ያወሩት። አባቴ ድምፁ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳይደብቅ ነገረው። ከፍ አድርጎ ከጠራው ደላላ ዋጋ 50 ሺህ ብር ብቻ ዝቅ ብሎ ገዛው። ኮሚሽኑ ሲታሰብ እኛ ነን የተጠቀምነው።

ከመሸጥ በፊት ምን ላይ ገንዘብ ይውጣ ለሚል፦ ቀለም አታስቀቡ። አዲስ ቀለም ያየ ገዢ «ከሥሩ ስንት ኪሎ ስቱኮ አለ?» ነው የሚለው። ሞተሩንም በውሃ አስመትታችሁ አታብረቅርቁት፤ የዘይት ፍሳሽ ለመደበቅ ይመስላል። እኔ ያወጣሁት ዘይትና ፊልትሮ ላይ፣ ፍሬን ላይ፣ ያልበራ ፍሬቻ ላይ ነው። የተሰበረውን የበር እጀታ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ኦርጅናል ገዛሁ። ከአዲሱ ኮፒ ያገለገለው ኦርጅናል ይበልጣል፤ ኮፒውን ሞክሬው በሦስት ቀን ነው የላላው። ጎማ አልቀየርኩም። የሚገዛው ሰው ለራሱ መንገድ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል።

አሁን ወረቀቱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሊብሬው፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን ይዘጋጁ። የትራፊክ ቅጣት ካለ አስቀድሞ ይከፈል። ከእርዳታ ድርጅት የተገዛ መኪና ከሆነ ቀረጡ የተከፈለበት ዲክላራሲዮን መኖሩን አረጋግጡ፤ ገዢው መጠየቁ አይቀርም። ውልና ማስረጃ ባልና ሚስት ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ላላገባ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈለጋል። እናቴ ለዚህ ብላ ከአባቴ ጋር ከሮቤ መጣች። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ገዢውን በር ላይ አስቁሞ ይቸገራል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ውክልናውን ኤምባሲ ስታሠሩ «መሸጥ» የሚለው ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ። እዚህ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም መረጋገጥ ስላለበት ጊዜ ስጡት።

ገንዘቡን ባንክ ውስጥ ሆናችሁ ተቀበሉ። ሲፒኦ ከሆነ ያወጣው ባንክ ራሱ ያረጋግጥላችሁ። «ገብቷል» የሚል የስልክ ፎቶ ማስረጃ አይደለም።

«ስሙን በኋላ አዞራለሁ፤ ለጊዜው ውክልና ስጠኝ» የሚል ገዢ ሲመጣ ግን እምቢ በሉ። የእኔ ዘመድ በዚህ ተይዟል። መኪናውን በውክልና ሸጠ፤ ገዢው ለሌላ ሰጠው፤ ያም ሰው ገጨ። የተጠራው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ዘመዴ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ነው ኃላፊ የሚያደርገው። ጉዳዩ እስኪያልቅ ስንት ቀን ሥራ ፈታ።

የጅንካው ሰው ስሙ የዞረበትን ሊብሬ ፎቶ በአሥራ አንደኛው ቀን ላከልኝ። አባቴ አሁንም ይደውልለታል። ባለፈው ክረምት «ብርድ ሲሆን ካንዴሌታው ከጠፋ በኋላም አንድ ጊዜ ድገመው፤ ከዚያ አስነሳው» ሲለው ሰምቻለሁ።