ጥቆማ፦ ጎንደር ላይ ለውኃ ኤሊ ሳፋ ይሻላል ወይስ አኳሪየም? ማሞቂያውስ፣ ምግቡስ?

ጥያቄ፦ ሰላም የጎንደር ሰዎች። ቅርፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር የደረሰ፣ ከዓይኑ ኋላ ቀይ መስመር ያለው የውኃ ኤሊ ነው። መኖሪያውን፣ መብራቱንና ምግቡን ጠቁሙኝ።

መልስ፦ ሳፋ ግዛ ወንድሜ። ለዚህ መጠን 150 ሊትር ያህል ውኃ ይመከራል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል መሆኑ ነው። ይህ ዝርያ ሴት ከሆነች 25–30 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ ከ20 ዓመት በላይም ትኖራለች። ዛሬ በውድ የተሠራ መስታወት በሁለት ሦስት ዓመት ይጠባታል። ሰፊ ሳፋ አይሰበርም፣ ቢቆሽሽም በቀላሉ ይታጠባል። የውኃው ከፍታ ቢያንስ የቅርፊቱን ርዝመት እጥፍ ይሁን፤ ከውኃው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ካልቀረ ግን ወጥታ ታመልጣለች። ሙሉ ሰውነቷ የሚደርቅበት መውጫ ድንጋይም አይቅር፤ ቅርፊቷ ሳይደርቅ ከከረመ ይበሰብሳል።

የቧንቧ ውኃ ክፍት ጀሪካን ውስጥ 24 ሰዓት ይደር። ክሎሩ ዓይን ያቃጥላል፣ ማጣሪያው ላይ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ውኃ በየጊዜው ስለሚቋረጥ ሁለት ጀሪካን መጠባበቂያ አይጥፋ። ለማጣሪያ ከባልዲ፣ ከትንሽ ፓምፕና ከስፖንጅ የሚሠራው ይበቃል፤ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ አሽ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ታጥቦ ቢጨመር ከተገዛው ማጣሪያ አያንስም። ስፖንጁ የሚታጠበው ግን ከሳፋው በተቀዳ ውኃ ብቻ ነው።

መልስ፦ መስታወት ካማራችሁ አልሙኒየምና መስታወት ቤት ማሠራት ይቻላል። 100 በ40 በ45 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 8 ሚሊ መስታወት ይጠየቅ። ሲሊኮኑ ላይ “ፀረ ሻጋታ” ከተጻፈ ይመለስ፤ መድኃኒት አለበት። ኮምጣጤ የሚሸተው ተራው ይሻላል፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ይቆይ። ከሥሩ ፎም ካልተነጠፈ ወለሉ ትንሽ ጎርበጥ ቢል ይሰነጠቃል።

ገንዘቡን ግን ለሙቀት ማዋል ይሻላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ለኤሊ ከባድ ነው። ውኃው 25 ዲግሪ ያህል፣ መውጫው ላይ 32–35 ይሁን። ማሞቂያውን በተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኑት፤ ያለዚያ ትሰብረዋለች። መብራት ሲጠፋ ሳፋውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ የፈላ ውኃ አትጨምሩ። አንድ ጎኗ አዘንብሎ ከተንሳፈፈች ወይም ከአፍንጫዋ አረፋ ከወጣ ሳንባዋን በርዷታል፤ የቤት መድኃኒት አትሞክሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ እዚያ ጠይቁ። ስትወስዷት ውኃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ ፎጣ በተነጠፈበት ካርቶን ይሁን።

ለአጥንቷ የሚያስፈልገው ከፀሐይ የሚገኘው ዩቪቢ ጨረር ከተራ ኤልኢዲ አምፖል አይገኝም፣ መስታወትም ያግደዋል። በበጋ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ግቢ ማውጣት ከሁሉም ይበልጣል፤ ግማሹ ጥላ ይሁን፣ ላዩ በዶሮ ሽቦ ይሸፈን፣ ጭልፊትና ውሻ አለ። መስታወቱን ራሱን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ግን መቀቀል ነው። በሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለማይገፈፍ የዩቪቢ አምፖሉ ያኔ ይፈለጋል፤ ሲበራ ቢታይም በዓመት ይቀየር።

መልስ፦ ምግብ ላይ ልጨምር። ከጣና የሚመጣ ቀረሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ከነእሾሁ ተከትፎ ከደረቅ ሽሪምፕ ይመረጣል። ሽሪምፕ ብቻ የምትበላ ኤሊ ቫይታሚን ኤ ያጥራትና ዓይኗ አብጦ ይዘጋል። ካሮት፣ ሰላጣና በሳምንት አንዴ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመር። ቆስጣ አታብዙ፣ ካልሲየሙን ይይዘዋል። መጠኑ የራሷን ጭንቅላት የሚያክል፤ ትንሿ በየቀኑ፣ ትልቋ በሁለት ቀን አንዴ።

ውኃውን ወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አትድፉ፣ ሳልሞኔላ ይኖርበታል። ልጆች ከነኳት በኋላ በሳሙና ይታጠቡ።

ሌላው ደግሞ ከጎርጎራ ዳር አንገቱን ወደ ጎን የሚያጥፈውን የአገራችንን ኤሊ አታምጡ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል፣ ሲነካም የሚከረፋ ሽታ ይለቃል። ቀይ መስመር ያላትም ከአሜሪካ የመጣች ናት፤ ብትሰለቻችሁ ጣና ወይም አንገረብ ላይ አትልቀቋት፣ የሚያሳድጋት ሰው ፈልጉላት።