ጣና ዳር የተገኘው አፅም የጠፋው ወንድሜ መሆን አለመሆኑን በምን ማረጋገጥ ይቻላል?

ጥያቄ፦ እህት ከሽምብጥ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ27 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ኅዳር ለእህል ንግድ ወደ ደልጊ እሻገራለሁ ብሎ ከባሕር ዳር ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፍቶብናል። በወቅቱ ለፖሊስ በቃል ከማመልከት ያለፈ ነገር አላደረግንም። ከሳምንት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የጣና ዳርቻ እንቦጭ ሲያጸዱ የነበሩ ገበሬዎች የሰው አፅምና የተቀዳደደ ሰማያዊ ጃኬት ማግኘታቸውን ሰምተን ወደ ጣቢያ ሄድን። አፅሙ ሆስፒታል ገብቷል ተብለን ጃኬቱን ብቻ አሳዩን። እናቴ ገና ስታየው «የልጄ ነው» ብላ ወደቀች፤ ተረኛውም ካመናችሁበት ፈርማችሁ ተረከቡና ቅበሩ አለን። የአባቱ ወገኖች እድሩን ለማነጋገር ተነሥተዋል። እኔ ግን ለመፈረም እጄ አልታዘዝልኝም፤ እንዲህ ያለው ጃኬት ሰልባጅ ተራ ሞልቶ የሚሸጥ ነውና።

ሊጠቅም ይችላል የምለውን ልጨምር። እኔና ወንድሜ በእናት እንጂ በአባት አንገናኝም፤ አባቱ ዐርፈዋል፣ የአባቱ ወንድም ግን በሕይወት አሉ። የ3 ዓመት ሴት ልጅ አለችው። በ2013 ዓ.ም. በባጃጅ አደጋ የግራ ጭኑ ተሰብሮ ብረት ገብቶለታል። የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ጡረተኛ መርማሪ

እህቴ፣ ደግ አደረግሽ፤ አትፈርሚ። ልብስ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ በውሰት ይለበሳል። በሥራ ዘመኔ በጫማው ተለይቶ የተቀበረ ሰው ከሰሊጥ አጨዳ በእግሩ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ቤተሰቡ በደስታ ሲያለቅስ እኔን ያሳሰበኝ በእርሱ ስም የተቀበረው ሌላው ሰው ነበር። የዚያን ሰው ወገኖች ፈልገን ሳናገኝ ቀረን። የተሳሳተ ፊርማ የሚጎዳው ሁለት ቤት ነው፤ የወንድምሽ ፍለጋ ይቆማል፣ የሌላዋ እናት ልጅም በናንተ መቃብር ተሰውሮ ይቀራል።

ኢንተርፖል ማንነትን ለብቻቸው ያረጋግጣሉ ብሎ የሚቀበላቸው የጣት አሻራ፣ ጥርስና ዲኤንኤ ናቸው፤ በሰውነት ውስጥ የተቀበረ መለያ ቁጥር ያለው የሕክምና ብረትም እንደዚሁ ይረዳል። ልብስ፣ ቀለበት፣ የአንገት ማተብና የቤተሰብ ዕውቅና ደጋፊ ናቸው እንጂ ፍርድ አይሰጡም። አፅሙ ሥጋው ያለቀ ከሆነ አሻራው አይገኝም፤ የጣት ቆዳ ቁራጭ እንኳ ቀርቶ ከሆነ ግን ወንድምሽ ፋይዳ አውጥቶ እንደሆነ ለመርማሪው ንገሪው፤ ለፋይዳ የ10 ጣት አሻራ ይወሰዳልና በሕግ አግባብ ለመጠየቅ መንገድ ሊኖር ይችላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አስታውሺ። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተሸኙት የወገኖቻችን ሣጥኖች ባዶ ነበሩ፤ የ157ቱም ሟቾች ማንነት በምርመራ ተለይቶ ያበቃው ስድስት ወር ያህል ከቆየ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ጊዜ የፈጀው የተሳፋሪዎቹ የስም ዝርዝር በእጅ እያለ ነው። ጣና ዳር ለተገኘ አፅም ግን የስም ዝርዝር የለውም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን የሚሠራው የእናንተ ማመልከቻ ነው።

በመሆኑም ነገ ጠዋት የጠፋ ሰው ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቢ፤ ቁጥርና ማኅተም ያለበትን ቅጂም ያዢ። ስሙን ከነአያቱ፣ የቅጽል ስሙን፣ ቁመቱን፣ የደረሰበትን አደጋ ሁሉ፣ መጨረሻ የታየበትን ቀንና ቦታ፣ የስልክ ቁጥሩን ጻፊ። ጥርሱ የሚታይበት ፎቶ አያይዢ። መርማሪው ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ነው የሚያነበው፤ አንዱ በሕይወት ሳለ የነበረው፣ ሁለተኛው ከአፅሙ የተገኘው። የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ ሁለተኛው ብቻውን ምንም አይናገርም።

መልስ፦ የአጥንት ሐኪም

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ጥያቄ ለሆስፒታሉ ያቅርቡ፤ ከተገኘው አፅም መካከል የግራ ጭን አጥንት አለ ወይስ የለም? ካለ ነገሩ በአንድ ሰዓት ሊፈታ ይችላል። ብረት ያልገባበትና ተሰብሮ የጠገነ ምልክት የሌለው የግራ ጭን አጥንት ከሆነ ያ ሰው ወንድምዎ አይደለም፤ ብረቱ ቢወጣ እንኳ ስብራቱ የዳነበት ምልክት ብዙ ጊዜ ለዓመታት አይጠፋም። ብረት ካለበት ደግሞ በላዩ የተቀረጸውን ምልክትና ቁጥር ይመለከታሉ። ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ምርት ጥቅል ቁጥር ነው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ብረቶች ለብዙ ታካሚዎች ይገባሉና ቁጥሩ ፍለጋውን ያጠባል እንጂ አይዘጋም። የሚዘጋው የራጅ ፊልሙ ነው። የስብራቱ አቅጣጫ፣ የብሎኖቹ ብዛትና ያረፉበት ማዕዘን፣ አጥንቱ የተጋጠመበት መንገድ ተደምረው በሁለት ሰው ላይ አይደገሙም።

በአገራችን ታካሚው ፊልሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሣጥኑንና ፍራሽ ሥር ፈትሹ፤ ፊልም እንዳይታጠፍና ፀሐይ እንዳይመታው ተጠንቀቁ። ቀዶ ጥገናው የተደረገበትን ሆስፒታል የካርድ ቁጥር ካገኛችሁ የቀዶ ጥገናው ማስታወሻም ሊገኝ ይችላል።

መልስ፦ የዘጌ ጀልበኛ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ውሃውን ግን አውቃለሁ። አፅሙ የተገኘበት ቦታ ሰውየው የሞተበት ቦታ ነው ብላችሁ አትያዙ። እንቦጩ ራሱ በነፋስ ከዳር ወደ ዳር ይጓዛል፤ ከሥሩ የተያዘውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ «እርሱ ወደ ደልጊ ነው የሄደው፣ ይህ ደግሞ ወዲህ ተገኘ» ተብሎ አይጣል፣ «እዚህ ስለተገኘ ነው» ተብሎም አይደምደም። ይልቁንም በየትኛው ጀልባ፣ በየትኛው ቀን እንደተሳፈረ ወደቡ ላይ ጠይቁ፤ እውነት ተሳፍሮ እንደነበር ያየ ሰው አለ ወይ? ገበሬዎቹም ያገኙበትን ቦታ ለፖሊስ በአካል ያሳዩ፤ የቀረው አጥንት እዚያው ጭቃ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

እህት ከሽምብጥ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የተገኙት የራስ ቅል ያለ ታችኛው መንጋጋ፣ የዳሌ አጥንት፣ የተወሰኑ የአከርካሪ አጥንቶችና የቀኝ ጭን ናቸው። የግራው ጭን የለም። ሐኪሙ ከዳሌው ቅርጽ ወንድ እንደሚመስልና በዕድሜ ለአቅመ አዳም የደረሰ መሆኑን ነገረኝ፤ ከዚያ በላይ ለመናገር አልፈለገም። አሁን የቀረው ዲኤንኤ ነው አለኝ። የእኔን ደም ቢወስዱ ይበቃል? እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ ታማለች፤ ላስቸግራት አልፈልግም።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ

እናትዎን ያስቸግሯቸው። ይህን በቅንነት ነው የምለው፤ በዚህ ጉዳይ ከእርሳቸው የሚበልጥ ምስክር የለም፣ ታመዋል ካሉም ናሙናቸው ዛሬ እንጂ ነገ አይባልም። በሲሪንጅ ደም መቅዳት አያስፈልግም፤ ጉንጫቸውን ከውስጥ በጥጥ ማሸት ወይም ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ ይበቃል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ማንኛውም ልጅ ከዘረመሉ ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ ይወስዳል። ስለዚህ እናትና ልጅ በሚመረመረው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቢያንስ አንድ የጋራ ነገር ይኖራቸዋል፤ ሲጎድል በግልጽ ይታያል። እርስዎ ግን በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ እህት ነዎት፤ ከወንድምዎ ጋር የሚጋሩት በአማካይ ሩብ ያህሉን ሲሆን ይህም ከአጋጣሚ መመሳሰል ለመለየት የሚያስቸግር መጠን ነው። የእናትም የአባትም ናሙና በሌለበት የእርስዎን ብቻ ይዞ የሚመጣ ውጤት «ሊሆን ይችላል» ከማለት አያልፍም።

የ3 ዓመቷ ልጅ ከእናትዎ ቀጥላ ዋነኛዋ ናት፤ የእርሷ እናትም ናሙና ቢሰጡ የልጅቱ ግማሽ ተለይቶ ይቀነስና የቀረው የአባቷ መሆኑ ይታወቃል። አጎቱም ይጠቅማሉ፤ ወንድ ልጅ ዋይ ክሮሞዞሙን ከአባቱ ሳይለወጥ ስለሚወርስ የአባት ወንድምና የወንድም ልጅ በዚያ መስመር አንድ ናቸው።

አጥንቱ በሞቃት ውሃና ጭቃ ስለቆየ ዲኤንኤው የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የኒውክሊየሱ (የሕዋሱ እምብርት) ዲኤንኤ ሁለት ቅጂ ብቻ ሲሆን የማይቶኮንድሪያው (ለሕዋሱ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ግን ከመቶዎች እስከ ሺዎች ይደርሳል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሲጠፋ ሁለተኛው ሊገኝ ይችላል። ይህ በእናት መስመር የሚወረስ ስለሆነ እዚህ ላይ የእርስዎም ናሙና ከእናትዎ እኩል ይሠራል። ይሁን እንጂ በእናት መስመር የሚዛመዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚይዙት፤ ካልገጠመ «አይደለም» ለማለት ያስተማምናል፣ ከገጠመ ግን ብቻውን «ነው» አያሰኝም።

ከአፅሙ የሚወሰደው ከጭን አጥንቱ መካከለኛ ክፍል፣ ከራስ ቅሉ ጆሮ አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት ወይም ከመንጋጋ ጥርስ ነው። ማንም አጥንቱን እንዳያጥብ፣ በኬሚካልም እንዳያነጻ ይጠይቁ። ምርመራው እዚህ የማይሠራ ከሆነ ናሙናው በፖሊስ ደብዳቤ ወደሚሠራበት ይላካል፤ የቤተሰብ በግል ይዞ መሄድ ለማስረጃነቱ አይበጅም።

ወንድምዎ የግል ጥርስ ብሩሽ፣ ምላጭ ወይም ማበጠሪያ ትቶ ከሆነ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡ፤ ላስቲክ እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። መፋቂያ ከሆነ የሚጠቀመው፣ ያው ተጥሏል።

አንድ የማይነገር ነገር ልናገር። እንዲህ ያለ ምርመራ አንዳንዴ ያልተጠየቀውንም ይመልሳል፤ ልጅ የማን እንደሆነች ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ናሙና ከመስጠታችሁ በፊት ውጤቱ ለዚህ ጉዳይ ብቻ እንደሚውል በፈቃድ ቅጹ ላይ መጻፉን አንብቡ።

መልስ፦ የጥርስ ሐኪም

ፍንጭቱን ችላ አትበሉት። የላይኛው የራስ ቅል ተገኝቷል ብለዋል፤ የፊት ጥርሶች ባለ አንድ ሥር ስለሆኑ በውሃ ውስጥ ይወልቃሉ፣ ጉድጓዳቸው ግን ይቀራል። ከሞት በኋላ የወለቀ ጥርስ ጉድጓዱ ጠርዙ ስል ሆኖ ክፍት ይታያል፤ በሕይወት ሳለ የተነቀለው ግን ተሞልቶ ተዘግቷል። በሁለቱ የፊት ጥርሶች ጉድጓድ መካከል ያለው ርቀትም ፍንጭት መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። በአገራችን የጥርስ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ስቆ የተነሣውን ፎቶ፣ በተለይ ከፊት ለፊት የተነሣውን፣ በስልክ ከተላከው ይልቅ ጥራቱ ሳይቀንስ ያቅርቡ። እናትዎንም በሕፃንነቱ ግግ (ገና ከድድ ያልወጣ የወተት ጥርስ) ተነቅሎለት እንደነበር ይጠይቋቸው፤ በዚያ ምክንያት ክራንቻ ጥርሱ ሳይበቅል የቀረ ወይም ተጣሞ የበቀለ ሰው ብዙ ነው፣ ይህም ይታያል።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ

ምርመራው ቢጓተት ወይም አፅሙ የሌላ ሰው ቢሆን፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 154 ጀምሮ ስለ መጥፋት ይደነግጋል፤ አንድ ሰው ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል። የልጅቱን ጉዳይ በዚህ በኩል ማስኬድ ስለሚቻል ለንብረት ሲባል የሞት ማስረጃ ለማግኘት መፍጠን አያስፈልግም። ወደ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍም ይሂዱ፤ በግጭት፣ በስደት ወይም በአደጋ የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ የወንጀል ምርመራ ግን ሥራው አይደለም።

መልስ፦ ዲያቆን

ፍትሐት በክርስትና ስም ነው የሚደረገው። የማን እንደሆነ ባልታወቀ አፅም ላይ የወንድምሽን ስም መጥራት ለእርሱም ለሟቹም አይሆንምና የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ለአባቱ ወገኖችም መርዶ ሳይረዳ ድንኳን እንደማይተከል እርሳቸው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ይቀበሉታል።

እህት ከሽምብጥ

እናቴ ናሙናዋን ትናንት ሰጠች፤ «ለልጄ ከሆነ ደሜንም ውሰዱ» ነው ያለችው። የራጅ ፊልሙንም ከቁምሣጥን ላይ አገኘሁት፣ ቀኑና ስሙ ይነበባል። ማመልከቻው ቁጥር ተሰጥቶታል። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝ፤ ሆስፒታሉ ቦታ ስለሌለው ማዘጋጃ ቤት ሊቀብረው ይችላል ብለውኛል።

መልስ፦ ጡረተኛ መርማሪ

ሊሆን ይችላል፣ አትደንግጪ። ከመቀበሩ በፊት የአጥንትና የጥርስ ናሙና ተወስዶ መቀመጡን፣ አፅሙ ከሌላ ሳይቀላቀል ለብቻው መቀበሩን፣ በመቃብሩም ላይ የመዝገቡ ቁጥር መተከሉን በደብዳቤ ጠይቂ፤ ቦታውን ራስሽ ሄደሽ እዪ፣ ፎቶ አንሺ። የራጁን ፊልም ዋናውን ከማስረከብሽ በፊት መስኮት ላይ አድርገሽ በስልክ አንሺው፤ ስታስረክቢም የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምልሽ። ገበሬዎቹም የግራውን ጭን እዚያው ቦታ እንዲፈልጉ ከመርማሪው ጋር ቀን ቁረጡ፤ ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ ሳይሞላ።