«ኩድንት ሃቭ ቢን ቤተር» ምስጋና ነው ወይስ ወቀሳ? ረዳት ግሥና ማወዳደሪያ ሲገናኙ

ጥያቄ፦ የፒያሳው ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የውጭ እንግዶችን ደብዳቤ ወደ አማርኛ የምመልስ፣ የእኛንም መልስ በእንግሊዝኛ የማዘጋጅ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ተነሥተው በእግር እስከ ብሔራዊ ሙዚየም የተጓዙ አንዲት እንግዳ ስለ አስጎብኚያችን «ሂ ኩድንት ሃቭ ቢን ቤተር» ብለው ጻፉ። እኔም ቃል በቃል ወስጄ «ከዚህ የተሻለ ሊሆን አልቻለም» ብዬ ለሥራ አስኪያጁ አቀረብሁ። ሥራ አስኪያጁ ልጁን ወዲያው አስጠርተው «ምን አጥፍተህ ነው?» አሉት፤ ልጁም የሚመልሰው ጠፍቶበት ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆሞ ቀረ። በማግስቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደብዳቤውን አንብባ «ይህ እኮ ትልቅ ምስጋና ነው» ስትለኝ አፈርሁ፤ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ከወር በፊት ሌላ እንግዳ ስለ ምሳው «ዘ ፉድ ኩድ ሃቭ ቢን ቤተር» ብለው ጽፈው ነበርና ያ ወቀሳ መሆኑን ማንም አልተከራከረም። «ኖት» ያለበት ዓረፍተ ነገር ምስጋና፣ የሌለበት ደግሞ ወቀሳ የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

በተጨማሪም ለእንግዳዋ ባረቀቅሁት መልስ ውስጥ «ዘ ኔክስት ቱር ሹድ ሞር ሾርተር» እና «ዩ ሃድ ቤተር ካም ኧርሊየር» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ባልደረባዬ በመጀመሪያው ሳቀች፣ በሁለተኛው ደነገጠች። ረቂቁ ገና አልተላከም፤ እባካችሁ ምክንያቱን አስረዱኝ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

ወንድሜ፣ ስሕተቱ ያለው «አልቻለም» በሚለው ቃል ላይ ነው። እዚህ ላይ «ኩድ» የሚለው ረዳት ግሥ (ከዋናው ግሥ ጋር ሆኖ ነገሩ ሊሆን የሚችል፣ የሚገባ ወይም የሚገመት መሆኑን የሚናገር ቃል) የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ አይደለም፤ ያልሆነን ነገር በሐሳብ ብቻ ቀርጾ የሚመዝን ቃል ነው። እንግዳዋ «ልጁ ሞክሮ አቃተው» አላሉም። «የተሻለ አስጎብኚ በሐሳቤ ልሥል ብል እንኳ ከእርሱ በላይ የሚሆን አላገኝም» ማለታቸው ነው። ከ«ቤተር» በኋላ ሊመጣ ይገባው የነበረው «ዛን» ከነተከታዩ ተውጧል፤ የተዋጠው ክፍል «ከሆነው» ወይም «ከነበረው» ማለት ነው። እሱን መልሰው ቢሞሉት ዓረፍተ ነገሩ «ከነበረው የተሻለ ሊሆን አይችልም ነበር» ይሆናል፤ ይህም እኛ ደስ ሲለን «ከዚህ በላይ ምን አለ!» የምንለው ነው።

የመሰላልን ምሳሌ ይውሰዱ። «ቤተር»ን የመሰለው ማወዳደሪያ ቃል አንድ ደረጃ ወደ ላይ ያመለክታል። «ኩድ» ሲባል ያ ደረጃ አለ፣ ግን አልተረገጠም ማለት ስለሆነ ለምሳው ወቀሳ ሆነ፤ «ኩድንት» ሲባል ደግሞ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም ማለት ስለሆነ ለልጁ ምስጋና ሆነ። ቃሉን ወደ «ወርስ» (የባሰ) ከቀየሩት መሰላሉ ይገለበጣል፤ «ኢት ኩድንት ቢ ወርስ» የጉድጓዱ መጨረሻ ነው። በማስተማር በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቼን ያሳሳተው «አይ ኩድንት አግሪ ሞር» ነበር። «ከዚህ በላይ ልስማማ አልችልም» ብለው ተርጉመው ተናጋሪው ድርድሩን ያቋረጠ ይመስላቸው ነበር፤ ሰውየው ግን ሙሉ በሙሉ ተስማምቷል።

ወደ «ሹድ ሞር ሾርተር» ስንመጣ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የአማርኛችን ጭምር ነው። በእኛ ቋንቋ «ያጥራል»፣ «ይበልጣል»፣ «ይሻላል» በራሳቸው ግሥ ስለሆኑ «ሊያጥር ይገባል» ስንል ሌላ ግሥ አንፈልግም። የእንግሊዝኛው «ሾርት» ግን ቅጽል ነው፤ ረዳት ግሡም ያለ ዋና ግሥ አይቆምም። ስለዚህ በመካከል «ቢ» ገብቶ «ሹድ ቢ ሾርተር» ይባላል። «ሞር» ደግሞ «ኢንተረስቲንግ»ን የመሰሉ ረዣዥም ቅጽሎች የሚሹት ስለሆነ ቀድሞ «ኧር» ባገኘው «ሾርተር» ላይ መደረብ የለበትም። በጣም ማጠሩን ለመግለጽ ከፈለጉ «ማች ሾርተር» ይበሉ እንጂ «ቬሪ ሾርተር» አይበሉ።

መልስ፦ ተርጓሚዋ

መምህር በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው፣ ጠያቂው በቅርቡ መጋጨታቸው ስለማይቀር፣ ረዳት ግሡ የርግጠኝነት መጠን የሚናገርበትን ሁኔታ ነው።

ብሔራዊ ትያትር አጠገብ ቆሞ የንግድ ባንክን ዋና መሥሪያ ቤት ሽቅብ የሚመለከት ሰው «ዚስ ማስት ቢ ቶለር ዛን ዚ አፍሪካን ዩኒየን ታወር» ቢል ትክክል ነው፤ በዓይኑ ካየው ተነሥቶ እየደመደመ ነውና። ጥርጣሬው ካየለ «ማይት ቢ ቶለር» ይላል። ነገር ግን የባንኩ ሕንፃ 209 ሜትር ያህል፣ የአፍሪካ ኅብረቱ ደግሞ 99.9 ሜትር መሆኑን የሚያውቅ አስጎብኚ «ማስት» ካለ፣ እንግዳው ልጁ እየገመተ እንደሆነ ይረዳል። የሚያውቁትን ነገር ያለ ረዳት ግሥ «ኢት ኢዝ ሞር ዛን ትዋይስ አዝ ቶል» ብሎ መናገር ይገባል። በየማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ የማየው የ«ማስት» ብዛት፣ ደፍሬ ልናገርና፣ ያስተዛዝባል።

ወደ አሉታ ስንሄድ ወጥመዱ ይጠልቃል። የግምት «ማስት» አሉታው «ካንት» ነው፤ «ዘ አዘር ሩት ካንት ቢ ሎንገር» ማለት ሌላው መንገድ ሊረዝም እንደማይችል ደመደምሁ ማለት ነው። «ዘ ሌተር ማስት ኖት ቢ ሎንገር ዛን ዋን ፔጅ» ሲባል ግን ደብዳቤው ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም የሚል ትእዛዝ ነው። የእኛው «ሳይረዝም አይቀርም» ሁለት አሉታ ቢይዝም ፍቺው አዎንታ ስለሆነ፣ ሲተረጎም «ኖት» አያስፈልገውም፤ «ኢት ኢዝ ፕሮባብሊ ሎንገር» ይበቃል።

መልስ፦ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ

ስለ «ሃድ ቤተር» እኔ ልናገር፣ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። ስታዲየም አካባቢ በምሠራበት ሆቴል ለአንድ አረጋዊ እንግዳ ቁርሳቸውን ቀደም ብለው ቢበሉ እንደሚሻል ለመምከር «ዩ ሃድ ቤተር ኢት ኧርሊ» አልኋቸው። ሰውየው ሹካቸውን አስቀምጠው «ኦር ኤልስ ዋት?» (አለበለዚያስ ምን ይሆናል?) አሉኝ። በአማርኛ «ቢመጡ ይሻላል» ለታላቅ ሰው የሚነገር ትሑት ምክር ነው፤ «ሃድ ቤተር» ግን «አለበለዚያ ይብስብሃል» የሚል ጥላ አለው። ለጓደኛ ወይም ለልጅ ይነገራል፣ ለእንግዳ አይነገርም። በመልኩ ማወዳደሪያ ቢመስልም ምንም ነገር አያወዳድርም፤ «ሃድ» ስላለበትም የትናንትን ነገር አይናገርም፤ «ቱ» የሌለው ግሥ ያስከትላል፣ አሉታውም «ሃድ ቤተር ኖት» ነው።

ለደብዳቤዎ «ኢት ዉድ ቢ ቤተር ቱ ካም ኤ ሊትል ኧርሊየር» ቢሉ ይለዝባል። «ዉድ» ምክሩን «ቢያደርጉት» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ ስለሚያሳርፈው ውሳኔው በእንግዳው እጅ ይቀራል።

ምላሽ፦ የፒያሳው ጸሐፊ

መምህርንም ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ረቂቁን አርሜ ለሥራ አስኪያጁ ካሳየሁ በኋላ የመጀመሪያውን ደብዳቤ «ከእርሱ የተሻለ አስጎብኚ ሊገኝ አይችልም ነበር» ብዬ እንደገና አነበብሁላቸው። እርሳቸውም ልጁን ዳግመኛ አስጠርተው ዛሬ ጠዋት በሁላችን ፊት አነበቡለት። ልጁ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልሆነም፤ «ለእንግዶች ሳወራ ሂ ካን ዎክ ፋስተር ዛን አይ (ከእኔ ይልቅ ፈጥኖ መራመድ ይችላል) ብዬ ባቆም ያስነውራል?» ሲል እኔኑ ጠየቀኝ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር

አያስነውርም፣ ነገር ግን በአነጋገር ደረቅ ይላል። ረዳት ግሡን ከ«ዛን» በኋላ ደግሞ «ዛን አይ ካን» ይበል። በጨዋታ መካከል «ዛን ሚ» ቢልም የሚቆጣው የለም፤ በጽሑፍ ግን በተለይ «ዩ ሹድ ሄልፕ ሂም ሞር ዛን ሚ» በሚመስል ቦታ ላይ ይጠንቀቅ፤ «እኔን ከምትረዳኝ ይልቅ» ይሁን «እኔ ከምረዳው ይልቅ» አይለይምና። እዚያ ላይ «ዛን አይ ሹድ» ብሎ ከጻፈ ሁለተኛው ፍቺ ብቻ ይቀራል።

ምላሽ፦ የፒያሳው ጸሐፊ

ነግሬዋለሁ። የእንግዳዋን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አድርጌ እንድሰጠውም ጠይቆኝ ሰጥቼዋለሁ።