ሁለት ምክር ቤት እያለን ሕግ ለምን በአንዱ ብቻ ይጸድቃል?

ፍሬሽማን፦
ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። የእህቴን ልጅ የዜግነት ትምህርት ሳስጠናት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 53 ላይ ሁለት የፌዴራል ምክር ቤቶች አሉ ይላል፣ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን። ዜና ላይ ግን ሁሌ የምንሰማው ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አጸደቀ ነው፣ በቃ እዛው ያልቃል። ፌዴሬሽኑ ጋ ሄዶ ድምፅ ተሰጠበት ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አሜሪካኖቹ ጋ አንድ ሕግ ታችኛውንም ሴኔቱንም ካላለፈ ሕግ አይሆንም አይደል? ታዲያ የኛ ሁለተኛው ምክር ቤት ሥራው ምንድነው? ደሞ ምርጫ ጣቢያ ስገባ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚባል ወረቀት ተሰጥቶኝ አያውቅም፣ ማነው የሚመርጣቸው? በደንብ የምታውቁ አስረዱኝ፣ ልጅቷ መልስ እየጠበቀች ነው።

ነጋሪት አንባቢ፦
ከአሜሪካ ጋር ስታነጻጽረው ነው የሚምታታው። የኛ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አዋጅ አያጸድቅም፣ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በአንቀጽ 55 ለተወካዮች ምክር ቤት ነው የተሰጠው። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፣ የመጀመሪያ ንባብ ይደረግለትና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። እኔ ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ኮሚቴው አንቀጽ በአንቀጽ ያየዋል፣ ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ይጠይቃል፣ የሚመለከታቸውን ሰዎች ያወያያል፣ ከዛ ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። እኛ ቲቪ ላይ የምናያት እጅ ማውጣት የመጨረሻዋ ነች፣ "ይችላል" የሚለው "አለበት" ተብሎ የሚቀየረው ግን ኮሚቴ ውስጥ ነው፣ ያቺ አንድ ቃል ደሞ በኋላ ስንት ሰው ላይ ለውጥ ታመጣለች።

ለመሰብሰብ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ መገኘት አለባቸው፣ ለማጽደቅ ደሞ ከተገኙት የአብላጫው ድምፅ ይበቃል። ከዛ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል፣ 15 ቀን አለው ለመፈረም፣ ባይፈርምም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። ስለዚ እንደ አሜሪካ ቬቶ የሚባል ነገር፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ ሕጉን የመከልከል ሥልጣን፣ እኛ ጋ የለም። በጀትም የሚጸድቀው እዛው ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባና የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ሰኔ ላይ ሥራው ሁሉ የሚደራረበው ለዛ ነው። ሚኒስትሮችን፣ የፌዴራል ዳኞችን፣ ዋና ኦዲተሩን ሹመት ማጽደቅ፣ ዓለም አቀፍ ስምምነት ማጽደቅ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጠርቶ መጠየቅም የነሱ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ከነሱ መሃል ነው የሚመረጠው።

ቀመር፦
ማን ይመርጣቸዋል ላልከው፣ የክልልህ ምክር ቤት ነው። ክልሉ ከፈለገ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ማድረግም ይችላል፣ አንቀጽ 61 ይፈቅዳል፣ የተለመደው ግን በክልል ምክር ቤት መምረጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፣ መቀመጫው የሚቆጠረው በክልል አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትንሹም ትልቁም ስቴት እኩል 2 ሴናተር አለው። እኛ ጋ የሚወከለው ብሔር ብሔረሰቡ ነው፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 1፣ ከዛ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕዝቡ ተጨማሪ 1። ስለዚህ ሕዝቡ ብዙ የሆነ ብሔር እዚህም ብዙ ወንበር አለው፣ ብዙ ብሔረሰብ የሚኖርበት ክልልም እንደዛው። ተወካዮች ምክር ቤት ደሞ ጣራው 550 ነው፣ የምርጫ ክልሎቹ 547 ናቸው፣ ቢያንስ 20 መቀመጫ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች የተያዘ ነው።

ሥራው ምንድነው ካልክ እኔ ከገንዘቡ ነው የምጀምረው። ተወካዮቹ ሰኔ ላይ ለክልሎች ድጎማ ይሄን ያህል ቢሊዮን ብለው ጠቅላላውን ያጸድቃሉ፣ ያ ብር ለየክልሉ በምን ስሌት ይከፋፈል የሚለው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀመር ነው። የሕዝብ ብዛቱ፣ ክልሉ ለጤናና ለትምህርት ምን ያህል ያስፈልገዋል፣ ራሱ ምን ያህል መሰብሰብ ይችላል እየተባለ ይሰላል። ፌዴራልና ክልል የጋራ ከሆኑት ግብሮች የሚገኘውም ገቢ ክፍፍሉ የሚወሰነው እዛው ነው። የወረዳ አስተማሪ ደሞዝ በሰዓቱ መግባት አለመግባቱ ከዚህ ቀመር ጋር ይያያዛል፣ አብዛኞቹ ክልሎች ከድጎማ ውጭ በራሳቸው ገቢ ብቻ መቆም አይችሉም። እና ይሄን ያህል ነገር የሚወስን ቤት ሆኖ ሕዝቡ ስለሱ ይሄን ያህል ትንሽ ማወቁ ያሳዝነኛል።

የሕግ ተማሪ፦
ገንዘቡ ትልቅ ነው ግን ዋናውን ዘላችሁታል፣ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን። ብዙ አገር ይሄ የፍርድ ቤት ሥራ ነው፣ እኛ ጋ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ከሥሩ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ፣ 11 አባላት ያሉት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ይሰበስበዋል፣ ምክትሉም አለበት፣ 6 የሕግ ባለሙያዎች አሉ፣ 3ቱ ደሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወከሉ ናቸው። ጉዳዩን አጣርተው ትርጉም ያስፈልገዋል ካሉ ሐሳባቸውን ይዘው ወደ ምክር ቤቱ ያቀርባሉ፣ የመጨረሻው ውሳኔ የምክር ቤቱ ነው።

2012ን አስታውሱ። በኮሮና ምክንያት ምርጫው ተራዘመ፣ የተወካዮች ምክር ቤት 5 ዓመት ግን ሊያልቅ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ በግልጽ የተጻፈ ነገር የለም። ተወካዮቹ ጥያቄውን ለትርጉም ላኩት፣ አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን ጠርቶ በቲቪ በቀጥታ ሲተላለፍ አዳመጠ፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ሰኔ 3 ቀን 2012 ወሰነ። ምርጫው የተደረገው ሰኔ 2013 ነው። አንድ ዓመት ሙሉ አገሪቱ የተመራችው በዚህ "ሥራው ምንድነው" ባልከው ምክር ቤት ውሳኔ ነው ማለት ነው።

የክልሎችን የወሰን ግጭት መፍታት፣ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን ጥያቄዎችን ማየት፣ አንድ ክልል ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱን አደጋ ላይ ከጣለ ፌዴራል ጣልቃ እንዲገባ ማዘዝም የነሱ ነው። እኔ ግን ትርጉሙ ለፖለቲከኞች መሰጠቱ አይዋጥልኝም። በክልል ምክር ቤት የተመረጠ ሰው ያው የፓርቲ ሰው ነው፣ ፓርቲው የሚነካበትን ጉዳይ እንዴት ብሎ ነጻ ሆኖ ይፈርዳል?

ቀመር፦
@የሕግ ተማሪ አልስማማም። ሕገ መንግሥቱ ሲጀምር "እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች" ነው የሚለው፣ የነሱ ስምምነት ከሆነ ሲያከራክር የሚተረጉሙትም ወኪሎቻቸው ናቸው፣ ሎጂኩ ይሄ ነው። ጥቂት ዳኞች የፈለጉትን ትርጉም ሰጥተው ማንም ሳይጠይቃቸው ቢቀሩስ? የነጻነቱ ጉዳይ ግን እውነት ነው፣ እሱን አልክድም፣ መፍትሔው አጣሪ ጉባኤውን ማጠናከር ይመስለኛል።

ፍሬሽማን፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሰበሰቡበት ጊዜስ? ደሞ የመረጥኩት ተወካይ ባይሠራልኝ 5 ዓመት መጠበቅ ነው ያለብኝ?

ነጋሪት አንባቢ፦
አንድ ላይ የምታያቸው በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ሰኞ፣ ፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግር ሲያደርግ ነው። ፕሬዚዳንት ሲመረጥም እንደዛው፣ እጩውን ተወካዮቹ ያቀርባሉ፣ በጋራ ስብሰባ 2/3ኛ ድምፅ ያስፈልጋል። አምባሳደር ታዬ አጽቀሥላሴ መስከረም 27 ቀን 2017 የተመረጡት በዛው የመክፈቻ ቀን ነው። ሕገ መንግሥት ማሻሻልም ሁለቱንም ይፈልጋል፣ የክልል ምክር ቤቶችም ይጨመሩበታል። የመብት ምዕራፉን ለመንካት ከሆነ ደሞ ሁሉም ክልሎች መስማማት አለባቸው፣ አንዱ እንቢ ካለ ቀረ። አንድ ሰው የሁለቱም አባል መሆን አይችልም፣ ይሄንንም ለልጅቷ ንገራት፣ ፈተና ላይ ይመጣል።

ሁለት ምክር ቤት ለኛ አዲስ አይደለም፣ በጃንሆይ ጊዜም በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ነበሩ። መወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ የሚሾሙት፣ መምሪያውን ሕዝቡ መምረጥ የጀመረው ከ1948ቱ ማሻሻያ በኋላ ነው።

ስለ ተወካይህ፣ መጠበቅ የለብህም። አንቀጽ 54 መጨረሻው ላይ መራጩ ሕዝብ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ከምክር ቤቱ ማንሳት ይችላል ይላል። ከዛ በፊት ግን ስሙንና ያለበትን ቋሚ ኮሚቴ እወቅ፣ የሚያሳስብህ ረቂቅ ኮሚቴው ጋ እያለ በጽሑፍ አስተያየትህን ላክለት፣ ሁለተኛ ንባብ፣ ማለትም ከኮሚቴው ተመልሶ ድምፅ የሚሰጥበት ደረጃ፣ ከደረሰ በኋላ የሚቀየር ነገር ትንሽ ነው።